ሲዘንብ ጎርፍ፣ ሲያባራ ጥማት፦ የአልዱባ ውሃ የት ይገባል?

በደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በዚህ ሰሞን እንደ አልዱባ ባሉ ትንንሽ ከተሞች መንገዱ ላይ ጎርፍ ይወርዳል። ዝናቡ ሲያበቃ ደግሞ ያው ሰው ቢጫ ጄሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ይወጣል። ያ ሁሉ ውሃ የት ገባ?

ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊሜትር ከዘነበ 1,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ባለ 20ው ጄሪካን 50 ይሞላል። ከአንድ ቤት፣ በአንድ ዝናብ! ግቢው አፈርና ሳር ከሆነ መሬቱ የተወሰነውን ይጠጣዋል። ሲሚንቶ ከሆነ ግን ሁሉም ወደ መንገድ ነው።

ከተማ ሲያድግ ሁሌ የሚጠየቀው ቦይ ነው። ቦይ ያስፈልጋል፣ ክርክር የለውም። ግን ቦይ ውሃውን አያጠፋውም፤ ያፈጥነዋል እንጂ። ከእኛ በር ያለፈው ጎርፍ ከታች ያለውን ሰው ማሳ ይቆርጣል። ነሐሴ 1998 ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ላይ ከ300 በላይ ሰው ሲሞት፣ አብዛኛው ውሃ የመጣው ከላይ ከደጋው ነበር። ውሃ የቀበሌ ድንበር አያውቅም።

መፍትሔው ውሃውን ማዘግየት ነው። ቻይና «ስፖንጅ ከተማ» ብላ ብዙ ገንዘብ አፍስሳበታለች። እኛ ግን ሩቅ መሄድ አይጠበቅብንም፣ ኮንሶ ጎረቤታችን ነው። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የኮንሶ እርከን ስራው ይኸው ነው፦ ጎርፉን ያቆማል፣ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን ያሰርጋል።

አልዱባ ላይ ከማክሰኞው ገበያ መጀመር ይቻላል። በከብትና በሰው እግር የተጠቀጠቀ መሬት ውሃ አይጠጣም፣ ከሲሚንቶ ብዙም አይለይም። በገበያው የታችኛው ጠርዝ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ደሾ ሳርና የአገር ዛፍ መትከል ይቻላል። ጣሪያ ላይ አሸንዳ፣ ከስሩ በርሜል። ኮብልስቶን ሲነጠፍም በሲሚንቶ ሳይሆን በአሸዋ፣ በመሃሉ ውሃ እንዲሰርግ።

ሁለት ነገር ግን መረሳት የለበትም። አንደኛ፣ ወባ። የትንኝ እንቁላል አድጎ ለመብረር ከሳምንት በላይ ብዙም አይፈጅበትም። ስለዚህ ጉድጓዱ በሁለት ሦስት ቀን መድረቅ አለበት፣ በርሜሉም መከደን አለበት። ሁለተኛ፣ ፍየል። ያልታጠረ ችግኝ ለፍየል ምሳ ነው። በየዓመቱ ስንት ተከልን እንላለን፤ ጥያቄው ስንቱ ጸደቀ፣ የተተከለውስ ጎርፉ በሚያልፍበት ነው ወይ የሚለው ነው።

ይሄ ሁሉ ከባድ ዝናብን ብቻውን አይችልም፣ ቦዩም ይቀራል። ግን አልዱባ ገና ትንሽ ናት፣ ክፍት ቦታ አላት። ትልልቆቹ ከተሞች ቤት አፍርሰው የሚፈልጉትን ቦታ እሷ ዛሬ በነጻ መተው ትችላለች። ከተገነባበት በኋላ ግን መመለሻ የለውም።

እናንተ ሰፈር ጎርፉ ወዴት ነው የሚሄደው? ኮመንት ላይ ጻፉልን።