አስተኝተው ያስጠኑናል?



ፈተና በተቃረበ ቁጥር በየዶርሙ የሚዞረው ማስታወቂያ ይበዛል። የዘንድሮው ግን ለየት ያለ ነው። ሦስት ጊዜ በሂፕኖሲስ «ተኝቶ» ያነበቡትን የማይረሳ አእምሮ ይዞ መነሳት፣ በክፍያ። ከጀመዓችን ወንድሞች መካከል እንኳ የከፈሉ አሉ፤ አንደኛው ቤተሰቦቹ ለወር ወጪ ከላኩለት ላይ ቀንሶ ነው የሰጠው። ጉዳዩን ስናነሳ ደግሞ «ኧረ ተዉት፣ ዓይናችሁን ካየ ያዛችኋል!» ብላ የተቆጣችን እህትም ነበረች። ከፋዩም ፈሪዋም አንድ ነገር የተስማሙ ይመስለናል፦ ሰውዬው በቃሉ ብቻ ዐቅላችንን ከእጃችን ሊወስድ ይችላል። እኛ የምንጠራጠረው ይህንኑ ነው።

ጥርጣሬው አዲስ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንዝ መስመር የተባለ ሐኪም ፓሪስ ውስጥ በማይታይ «ማግኔታዊ» ኃይል እፈውሳለሁ ይል ነበር። ሕሙማኑም በእርግጥ ይንቀጠቀጡ፣ ይወድቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ያቋቋሙት አጣሪ ጓድ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቯዚዬ ያሉበት፣ ቀላል ሙከራ አደረገ። የመስመር ደቀ መዝሙር የነበረ ሐኪም በአንድ የአትክልት ስፍራ አንዱን ዛፍ ብቻ «ማግኔት ሞላው»፤ ከዚያም አንድ ልጅ ዓይኑ ተሸፍኖ ከዛፍ ወደ ዛፍ ተመራ። ልጁ ራሱን ስቶ የወደቀው ኃይሉ ያልተሞላበት ዛፍ ሥር ነው። የጣለው ዛፉ ሳይሆን የራሱ ግምት ነበር።

ስሙም አሳስቶናል። «ሂፕኖሲስ» ከግሪክኛው የእንቅልፍ ቃል የመጣ ነው። በ1840ዎቹ ስያሜውን ያስፋፋው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብሬድ ራሱ፣ ነገሩ ሐሳብን በአንድ ጉዳይ ላይ መሰብሰብ እንጂ እንቅልፍ አለመሆኑን ሲረዳ ስሙን ሊቀይረው ሞክሮ ነበር። አልተሳካለትም። «ተኝቷል» የሚባለው ሰው ይሰማል፣ ይረዳል፣ ካልፈለገ ይነሳል።

«ታዲያ መድረክ ላይ እንደ ዶሮ የሚጮኹትስ?» ትሉ ይሆናል። እነሱ በፈቃዳቸው የወጡ ናቸው፤ አዘጋጁም እሺ የማይሉትን ቀድሞ ወደ ወንበራቸው ይመልሳል። በ1965 ማርቲን ኦርንና ፍሬድሪክ ኢቫንስ ያደረጉት ሙከራ ደግሞ የበለጠ ይናገራል። በሂፕኖሲስ ውስጥ ያሉ ሰዎች አደገኛ እባብ እንዲይዙ፣ በሰው ላይ አሲድ እንዲደፉ ሲታዘዙ አብዛኞቹ ታዘዙ። ነገር ግን ሂፕኖሲስ ውስጥ የገቡ እንዲያስመስሉ ብቻ የተነገራቸውም እንዲሁ አደረጉ። ተመራማሪ ጉዳት ላይ እንደማይጥላቸው አምነው ነበርና፤ ጥንቃቄውም በእርግጥ ተደርጎ ነበር።

ለኛ ዋናው ግን የማስታወሱ ጉዳይ ነው። በሂፕኖሲስ ሥር ያለ ሰው ብዙ ነገር «ያስታውሳል»፤ ከትክክለኛው ጋር ያልሆነውም ይጨምርበታል፣ ስለ ሁለቱም እኩል እርግጠኛ ይሆናል። ከ1980ዎቹ ወዲህ በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ፍርድ ቤቶች በሂፕኖሲስ የተቀሰቀሰ ምስክርነትን የከለከሉት ወይም የገደቡት ለዚህ ነው። ፈተና ላይ ስህተቱን በሙሉ ልብ የሚጽፍ ተማሪ ደግሞ ያለ ክፍያም ሞልቶናል።

ሁሉም ነገር ውሸት ነው አላልንም። ሕመምን በማስታገስና በአንዳንድ ተደጋጋሚ የአንጀት ችግሮች ላይ እንደሚረዳ ጥናቶች ያሳያሉ። ለሕክምና ሲሆን ባለሙያ ሐኪምን፣ ሑክሙን ደግሞ ዑለሞችን መጠየቅ ነው፤ ፈትዋ የኛ ድርሻ አይደለም።

ሲሕር መኖሩንም አንክድም። ግን ገንዘቡን የተታለለ ሁሉ «አፍዝ አደንግዝ አድርገውብኝ ነው» ሲል ቆም ብለን እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ውስጥ በርካሽ የሚሸጥ ወርቅ ወይም የሚካፈሉት ብር አይጠፋም። «ጎምጅቼ ነው» ከማለት «አፍዘውኝ ነው» ማለት ይቀላል። በዲናችን ከተኛ ሰው ቀለም ተነስቷል፤ ነቅቶ ከሚሰማና ከሚመርጥ ግን አልተነሳም። በሱረቱ ኢብራሂም 22ኛው አንቀጽ ሸይጣን እንኳ በቂያማ ቀን በተከታዮቹ ላይ ሥልጣን እንዳልነበረው፣ ጥሪ እንጂ ሌላ እንዳላደረገ ይናገራል። ለእርሱ ያልተሰጠውን ሥልጣን ማስታወቂያ ለለጠፈ ሰው የምንሰጠው በምን ሒሳብ ነው?

ከወር ወጪው የከፈለው ወንድማችን ሦስተኛውን ቀጠሮ ትቶ ከዒሻ በኋላ በሚደረገው የጋራ ጥናት እየተገኘ ነው። ገንዘቡ እስካሁን አልተመለሰለትም። ክፍሉ ጸጥ ያለ ስለነበር የመጀመሪያው ቀን ላይ የምር እንቅልፍ ወስዶት እንደነበር ነግሮናል፤ ያን ሰሞን ሁላችንም ያጣነው እሱን ስለነበር አልሳቅንበትም።