ካርድ ከማውጣታችን በፊት መስመሩን እንመልከት



ምርጫ በመጣ ቁጥር በየመስጂዱ ደጃፍ «ካርድ አውጡ» እንባባላለን። መልካም ነው፤ ልንባባልም ይገባል። ግን ከካርዱ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ የምንመርጥበት የምርጫ ክልል ወሰን የተሰመረው በየትኛው ቁጥር ነው?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። የምርጫ ክልሎችን ወሰንም የፌዴሬሽን ምክር ቤት በቆጠራው ውጤትና ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ሐሳብ መሠረት እንደሚወስን ይደነግጋል። የመጨረሻው ቆጠራ ግን የ1999ኙ ነው። አራተኛው በተደጋጋሚ ተገፍቶ በሰኔ 2011 እንደገና እንዲራዘም ተወሰነ። በቆጠራው ማግስት የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ለመራጭነት ደርሷል።

ያኔ የተቆጠረው ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን በላይ ነበር። ለ547 ወንበሮች ቢካፈል ለአንዱ ወደ 135 ሺህ ሰው ይደርሳል። ዛሬ ቁጥራችን ከ100 ሚሊዮን አልፏል፤ እድገቱ ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ለምሳሌ 300 ሺህ ሰው ያለበት የምርጫ ክልልና 100 ሺህ ያለበት እኩል አንድ አንድ ወንበር ካላቸው፣ የመጀመሪያው ነዋሪ ድምፅ ሲሶ ሆነ ማለት ነው።

እኛ ግን ለዓመታት የተከራከርነው ቆጠራው ለሙስሊሙ በሰጠው 33.9 በመቶ ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ የሚገኘው ግን በክርክር ሳይሆን በትክክል በመቆጠር ነው።

ዛሬ የቆጠራን ቁጥር ከካርታ ጋር የሚያገናኙ ሶፍትዌሮች አሉ። ኪውጂአይኤስን የመሰለው በነፃ ይገኛል። መረጃው ካለ፣ መስመሩን ወዲህና ወዲያ ባንቀሳቀስን ቁጥር በውስጡ ስንት ሰው እንደሚገባ ማስላት ይቻላል። ይኸው መሣሪያ በክፉ እጅ ከገባ ደግሞ አንድ ላይ የሚኖርን ማኅበረሰብ ለሦስት ከፍሎ በሦስቱም አናሳ ያደርገዋል። ወይም ሁሉንም በአንድ ቦታ አጭቆ በአጎራባቾቹ ድምፅ ያሳጣዋል።

ብዙ ሙስሊሞች የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት ትምህርት ትሰጠናለች። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ2018 ድምፅ ሰጥቶ ወሰን የማስመሩን ሥልጣን ከፖለቲከኞች ወስዶ ለገለልተኛ የዜጎች ኮሚሽን ሰጠ። ኮሚሽኑም ቢሆን ከስሕተት አልዳነም። በዲትሮይት አካባቢ ያሰመራቸውን 13 የምርጫ ክልሎች የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2023 ውድቅ አደረጋቸው። ከሳሾቹ የከተማዋ ጥቁር ነዋሪዎች ነበሩ። ልብ በሉ፤ ሶፍትዌር በራሱ ፍትሕ አያመጣም። መረጃውና ካርታው አደባባይ ላይ ሲሆኑ ግን የተበደለ ሰው በደሉን አሳይቶ ያስተካክላል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ለሙስሊሙ ተብሎ የተጣመመ መስመር አይደለም። ሚዛን ማጉደል በገበያም በካርታም ዙልም ነው፤ ለእኛ ሲያደላም ዙልም ነው። የምንጠይቀው ቆጠራው እንዲካሄድ፣ ውጤቱ እስከ ቀበሌ ድረስ ይፋ እንዲሆን፣ የወሰን ረቂቁም ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ እንዲቀርብ ነው።

የእኛም ድርሻ አለ። ስታቲስቲክስ፣ ጂኦግራፊና ኮምፒዩተር ያጠናችሁ ወጣቶች፣ ይህ ሙያ አማና ነው፤ ካርታውን ማንበብና ማጣራት ልመዱ፤ ለጀመዓውም አስረዱ። ቆጣሪው በራችንን ሲያንኳኳ ደግሞ ሕፃኑንም አዛውንቱንም ሳንተው፣ ሳንጨምርም ሳንቀንስም፣ በሐቅ እንቆጠር። ያልተቆጠረ ቤት ካርታው ላይ ባዶ ሜዳ ነው።

አላህ በፍትሕ ከሚቆሙት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።