የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ጥበቃውን የሚያሰንፍ መርዝ

አባ ሰንጋን ከብት አርቢው ከሐኪም በፊት ያውቀዋል። ማታ ደህና የገባች ላም ጠዋት ሞታ ትገኛለች፤ ከአፍንጫዋ የሚወርደው ደም አልረጋ ይላል። ሮበርት ኮህ የበሽታውን ባክቴሪያ የሕይወት ዑደት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። በዚህ እትም ትኩረታችን ግን ባክቴሪያው የሚረጨው መርዝ ነው።

መርዙ ሦስት ፕሮቲኖች አሉት። አንደኛው ብቻውን ጉዳት የለውም፤ ሥራው ሴሉ ላይ ተጣብቆ፣ ከመሰሎቹ ጋር ቀለበት ሠርቶ ቀሪዎቹን ሁለቱን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ከገቡት አንዱ በሴሉ ውስጥ የአደጋ መልእክት የሚያቀባብሉትን ፕሮቲኖች ይቆርጣል። ሌላው ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የተባለውን ኬሚካል ከልክ በላይ ያበዛል፤ ባክቴሪያ ውጠው የሚያጠፉት ነጭ የደም ሴሎችም ይደነዝዛሉ። ይባስ ብሎ ማክሮፌጅ የተባለው ነጭ የደም ሴል የዋጠው የባክቴሪያው ስፖር አንዳንዴ ሳይሞት እስከ ንፍፊት ድረስ ይጓዛል፤ ጠላትን በገዛ ጀርባ አዝሎ ማስገባት ማለት ይሄ ነው!

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ስለ ሕክምናው የቀረበው ጽሑፍ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ቀድሞ የተረጨውን መርዝ ግን አይነካም። ስለዚህ የዘገየ ታማሚ ደሙ ከባክቴሪያ ጸድቶም ሊሞት ይችላል። መርዙን ራሱን የሚያከሽፉ ፀረ እንግዳ አካላት የተሠሩትም ለዚህ ነው።