መሶቡ አለ፤ ሰፊዋስ?

ባለፈው እሑድ ፌርፋክስ ላይ ምሳ ተጋብዤ ነበር። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየማት፣ እንጀራ ሲናፍቀን የምንሮጥባት ያቺው ጎዳና ናት። መሶቡን ከበን እንደተቀመጥን፣ እዚሁ የተወለደች የወዳጄ ልጅ ክዳኑን ስታገላብጥ ቆየችና «ይሄን ማን ሠራው?» አለች።

«ከአገር ቤት የመጣ ነው» አላት አባቷ።

«ከየት መጣ አላልኩም። ማን ሠራው?»

ውድ አንባብያን፣ መሶቡን የከበብነው ሰዎች ዲግሪያችን ቢደመር አራት ነበር። መልስ ግን ጠፋ።

እናቴ ብትኖር ትመልስ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶው ይለቀማል፣ ይደርቃል። ከፊሉ ቀለም ይነከርና አለላ ይሆናል። ከዚያ አክርማው፣ ከዚያ ወስፌው። አንዱ ዙር በሌላው ላይ እየተሰፋ መሶብ እስኪወጣው ወራት ያልፋል። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ መጽሐፍ አነብ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «እስቲ አሳዪኝ» አላልኳትም። የሴት ሥራ ነዋ!

እዚሁ ጎረቤታችን አሪዞና ውስጥ ሆፒ የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች አሉ። «ሁለተኛው ሜሳ» በሚሉት መንደሮቻቸው ሴቶቹ ልክ እንደ እናቶቻችን የሣር እስር እያዞሩ፣ ዩካ በተባለ ተክል ቅጠል እየጠመጠሙ ይሰፋሉ። ሸማኔዎቹም እንደኛው ወንዶች ናቸው። ልጅ ሲዳር የሙሽራው ወንድ ዘመዶች የሙሽሪትን ልብስ ይሸምናሉ፤ የእሷ ወገን ደግሞ ያንን ውለታ ሰፌድ ሰፍቶ ይመልሳል። እናት፣ አክስት፣ አያት ለስፌት ይሰበሰባሉ፤ ልጆችም እያዩ ይለምዳሉ። ሙያውን ያቆየው ይህ ውለታ ይመስለኛል።

በኛ ሰርግ ግን መሶብ ተገዝቶ ይመጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣበታል፣ አበቃ።

ሰፊዎቹ ግን አጠገባችን አሉ። ግድግዳው ሙሉ በስፌት ያጌጠ ቤት ውስጥ ያደጉ የሐረር እናቶች አሉ፤ የጎጃም፣ የወሎ፣ የሸዋ እናቶችም አሉ። የልጅ ልጅ ሲጠብቁ ቴሌቪዥን ፊት ይውላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ልጆቹን አጠገባቸው ብናስቀምጥስ? ስንደዶ ባይገኝ እዚህ የሚሸጠው ራፊያ ለመለማመጃ ይበቃል።

እኔም እመጣለሁ። አርባን ተሻግሬ ወስፌ ብይዝ አላፍርም። ያሳፈረኝ የዚያች ልጅ ጥያቄ ነው።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።