እህሉን አየን፤ ዱቄቱንስ ማን ፈጨው?

እናቶቻችን ወፍጮ ቤት እህል ሰጥተው ዝም ብለው አይመለሱም፤ ቆመው ያስፈጫሉ። እህሉ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ወፍጮው ላይ ምን እንደሚቀላቀል አይታወቅማ!

ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሲነሳ ግን «ኮዱን ማንም ማየት ይችላል» ብለን እንተኛለን። የምንጭነው እኮ ኮዱን አይደለም፤ ሌላ ሰው ከኮዱ ገንብቶ ለዴቢያን፣ ለፌዶራ ወይም ለዊንዶውስ ያዘጋጀውን ጥቅል ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የሆነውን እናስታውስ። ኤክስዚ በተባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ሰርቨር የሚያስከፍት የጓሮ በር ተገኘ። ተንኮሉን የሚያስነሳው ፋይል ሁሉም በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ ለግንባታ በተለቀቀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ተሸጉጦ ነበር። የሚነቃውም ጥቅሉ ለዴቢያን ወይም ለፌዶራ ዓይነት ሊኑክስ ሲገነባ ነው። የተያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሰርቨር ውስጥ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ለምን እንደዘገየበት ስለመረመረ ነው። ባይመረምርስ?

ፕሮጀክቱን ለዓመታት በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ የተሸከመው አንድ ሰው ነበር። አጥቂው «ላግዝህ» ብሎ ቀርቦ፣ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ አመኔታውን አገኘ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቅ። ጥቅሎች በቀጥታ ከይፋዊው ማከማቻ ይገንቡ፤ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ሲገነቧቸውም ውጤቱ አንድ ይሁን። በነፃ የሚጠቀም ድርጅት ሁሉ፣ የእኛ ሀገሩን ጨምሮ፣ ለዚህ ሥራ ባለሙያ ይመድብ ወይም ገንዘብ ያዋጣ። ወፍጮው ጋ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም እንጀራ ይበላል።