20 ደቂቃ ለሚበቃው ሥራ 72 ሰዓት ለምን?

ጉለሌ ሽሮ ሜዳ ታክሲ የተሰለፈ ሁሉ ያውቃል፤ ረዳቱ «አንድ ሰው!» ሲል ሦስት ሆነው የመጡት ይቀሩና ብቻውን የቆመው ከኋላ መጥቶ ይሳፈራል።

የክላስተር ኮምፒውተር ሰልፍም እንዲሁ ነው። ስለርም የተባለው ተራ አስያዥ ፕሮግራም በትልልቆቹ ሥራዎች መካከል ክፍተት ሲያገኝ አጭር ሰዓት የጠየቀውን ያስገባል። እኛ ግን ሰዓቱ ካለቀ ሥራው ይቋረጣል ብለን በመፍራት 20 ደቂቃ ለሚበቃው 72 ሰዓት እንጠይቃለን፤ ከዚያም ተራ አጣን ብለን እናማርራለን። እኔም ሁለት ቀን ከጠበቅሁ በኋላ ነው ጥፋቱ የራሴ መሆኑን የተረዳሁት። (ከዚህ የሚብሰውስ በመግቢያው ኮምፒውተር ላይ ስሌቱን የሚያስኬደው ነው፤ ደጃፍ ላይ አልጋ ዘርግቶ የሚተኛ እንግዳ!)

መምህራኖቻችንስ የይለፍ ቃሉን ሲሰጡን የሰዓት አጠያየቁን በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢያሳዩን ምን ይጎዳቸዋል? የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ሲቃረብ ሰልፉ ከዚህም ይረዝማል።