ዘይቱ ያስቆጠረው ነጥብ የማን ነው?

በአሜሪካ የቦውሊንግ አዳራሾች በየሳምንቱ የሚካሄደው የሊግ ውድድር ስሙ የማይጠራ አንድ ተጫዋች አለው፤ ዘይት።

ኳሱ የሚንከባለልበት ሌይን 18 ሜትር ያህል ይረዝማል። ወለሉ እንዳይጎዳ ሲባል አብዛኛው ርዝመቱ ዘይት ይቀባል። ኳስ ዘይት ላይ ይንሸራተታል፤ ደረቅ ቦታ ሲደርስ ይታጠፋል። ይህን የሚያውቁት የአዳራሽ ባለቤቶች ለሊግ ምሽት መሐሉን በዘይት አርሰው ጠርዙን ደረቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ወደ ጠርዝ የሳተውን ኳስ ደረቁ ወለል ወደ ዒላማው ይመልሰዋል፤ ወደ መሐል የሳተውን ደግሞ ዘይቱ አንሸራትቶ እዚያው ያደርሰዋል። ሰው ይስታል፣ ወለሉ ያርማል። በከባድ ውድድሮች ግን ዘይቱ ከዳር እስከ ዳር በተቀራራቢ መጠን ስለሚቀባ የሳተ ሳተ ነው።

የባለቤቶቹ መከራከሪያ የታወቀ ነው። ሰው ከሥራ ወጥቶ የሚመጣው ሊዝናና ነው፤ ነጥቡ ካነሰበት አይመለስም ይላሉ። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአንድ የውድድር ዘመን በመላ አገሪቱ የሚመዘገበው የ300 ነጥብ ፍጹም ጨዋታ ከአንድ ሺህ ብዙም አይርቅም ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ ከ30 ሺህ አለፈ። በእርግጥ የኳሱ መሻሻልም ድርሻ አለው። አባላቱ ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ከነበሩት ዛሬ ሩቡ እንኳ አልቀሩም። ነጥብ ሰው የሚያቆይ ቢሆን ኖሮ አዳራሾቹ ሞልተው በፈሰሱ ነበር።

ለጀማሪው እናስብለት የሚለውም ውኃ አያነሳም። ጀማሪ የሚወረውረው ቀጥ ያለ ኳስ ነው፤ የማይታጠፍ ኳስ ከደረቁ ጠርዝ የሚያገኘው እርዳታ የለም። ተጠቃሚው ውድ ኳስ ገዝቶ ማጠፍ የተማረው ነው። ለደካማው የተሠራለት ሌላ መላ አለ፤ ሃንዲካፕ የሚባለው ጭማሪ ነጥብ። እሱ እያለ ለጠንካራው ዘይት መደጎም ምን ይባላል?

ዘይት ነጥብ እንደሚሠራ የስፖርቱ አስተዳዳሪዎች ድሮም ያውቃሉ። በ1982 ግሌን አሊሰን ካሊፎርኒያ ውስጥ ሦስት ፍጹም ጨዋታዎችን በተከታታይ ተጫውቶ 900 ነጥብ ሲያስመዘግብ፣ የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ የሌይኑ ዘይት ደንቡን አያሟላም ብሎ ክብረ ወሰኑን ነፈገው። ያኔ በአንድ ሰው ላይ የጠበቀው ደንብ ዛሬ ላልቶ፣ መሐሉ የረሰረሰ ሌይን የየሳምንቱ ልማድ ሆኗል።

ዋጋውን የሚከፍለው ወጣቱ ነው። በሰፈሩ አዳራሽ በአማካይ 220 እያስቆጠረ ራሱን እንደ ባለሙያ ይቆጥራል። የመመዝገቢያ ገንዘቡን ከፍሎ ከባድ ውድድር ሲገባ በመጀመሪያው ቀን ይሰናበታል። ጉድለቱን የሚነግረው አልነበረም፤ ወለሉ ሲሸፍንለት ኖሯል።

መፍትሔው ሊጉን መዝጋት አይደለም። የውድድር ዘመኑ ግማሽ በከባዱ አቀባብ ይካሄድ። የዘይቱ ዓይነት ከጨዋታው በፊት ይለጠፍ። የሁለቱ አማካይ ነጥብ ለየብቻ ይመዝገብ። ያኔ ተጫዋቹ ከነጥቡ ስንቱ የእጁ፣ ስንቱ የዘይቱ እንደሆነ ያውቃል።